ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው፦ መጽሐፍ፣ ዘፈን፣ ኳስና ፊልም በአንድ ሳምንት ውስጥ

ባንክ ነው የምሠራው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን። ቤቴ አያት፣ መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ። ይህን መንገድ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ ሰው ከቀኑ ምን ያህሉን እንደሚበላ ያውቃል። ያም ሆኖ አራት ነገሮችን አጥብቄ እወዳለሁ። መጽሐፍ፣ ዘፈን፣ ኳስና ፊልም። አንዱንም መተው አልፈልግም። የሥራ ባልደረቦቼ «ለዚህ ሁሉ መቼ ትደርሻለሽ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ እንዴት እንደማደርገው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። እንዳለ መቅዳት የለባችሁም። ከራሳችሁ ሥራና ሰፈር ጋር አስማሙት።

መጀመሪያ አንድ ነገር። «ጊዜ ሳገኝ አነባለሁ» የሚል ሰው አያነብም። ጊዜ አይገኝማ! እኔ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ቦታ ሰጥቼዋለሁ። መጽሐፍ የመንገድ ነው። ዘፈን የማታ ነው፣ እራት ሲሠራ። ኳስ የቅዳሜ ነው፣ ከሰው ጋር። ፊልም የእሁድ ከሰዓት ነው፣ በር ተዘግቶ። ቦታው አንዴ ከታወቀ «ዛሬ ምን ላድርግ?» የሚባል ሐሳብ አይኖርም። ሰልፍ ላይ ስቆም እጄ ራሱ ወደ መጽሐፉ ይሄዳል። አራቱን በአንድ ምሽት ለመጨረስ መሞከር ግን አይሆንም። ኳስ በቴሌቪዥን፣ መጽሐፍ ጭን ላይ፣ ዘፈን ጆሮ ላይ ከሆነ ሦስቱም አልፈዋችሁ ይሄዳሉ።

መጽሐፍ፦ አንዱ ለቦርሳ፣ አንዱ ለቤት

ሁለት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ያዙ። የቦርሳው ቀጭን ይሁን። አጭር ልቦለድ፣ ወግ ወይም ግጥም። ምክንያቱም የባቡርና የታክሲ ሰልፍ ንባብን ይቆራርጣል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ሲቆም ይከፈታል። አምስት ገጽ የሆነች አጭር ልቦለድ ይህን ትችላለች። ረጅም ልቦለድ ግን በዚህ ዓይነት ንባብ ይበላሻል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ስለዚህ ወፍራሙ እቤት፣ ትራስ አጠገብ ይቀመጥ። ማታ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

ለወፍራሙ መጽሐፍ አንድ ቁራጭ ወረቀት አዘጋጁ። አዲስ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሲገባ ስሙንና የማን ምን እንደሆነ ጻፉ። የኛ ትልልቅ ልቦለዶች ቤተ ዘመድ ያበዛሉ። ወረቀቱ ካለ ሦስት ቀን ሳታነቡ ብትቆዩ እንኳ ወደ ኋላ ማገላበጥ አያስፈልግም። ወረቀቷን መጽሐፉን ስትጨርሱ እዚያው ውስጥ ተዉአት። ቀጥሎ ለሚዋሰው ሰው ትጠቅማለች።

ባቡሩ እጅ እስከማያስነሳ ድረስ የሚሞላበት ጊዜ አለ። ያኔ በጆሮ አንብቡ። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው በኋላ ግን ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሁሉ ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን አወቀ። አባቴ እስከ ዛሬ ድረስ የመጽሐፉን ሰዎች የሚያስታውሳቸው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ያ ትረካ አሁንም ይገኛል። መጽሐፉን ላነበበው ሰው እንኳ አዲስ ነው። ወጋየሁ የትኛው ቃል ላይ እንደሚያዘግም፣ የት እንደሚተነፍስ አድምጡ። ከዚያ በኋላ ራሳችሁ ስታነቡ አረፍተ ነገሩ በሌላ ዜማ ይመጣላችኋል።

መጽሐፍ መግዛት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ነው። እኔ ለገሃር ላይ እወርዳለሁ። ባቡሩ እዚያው ያወርዳል። ለአዲስ መጽሐፍ ጃፋር መጻሕፍት መደብር አለ። ለአሮጌ ደግሞ በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ ያሉትን አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አያለሁ። አሮጌ መጽሐፍ ስትገዙ ገጾቹን ቁጠሩ። መጽሐፍ ሲጠረዝ ገጾቹ በጥቅል በጥቅል ነው የሚሰፉት፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቅል 16 ገጽ ነው። ስለዚህ ገጽ ሲጎድል አንድ ሁለት ብቻ አይጎድልም፤ ከገጽ 48 በቀጥታ ወደ 65 ሊዘል ይችላል። የመጨረሻውን ገጽ ደግሞ ሳትረሱ እዩ። አሮጌ መጽሐፍ ቶሎ የሚቀደደው ከመጀመሪያና ከመጨረሻ ነው። ሻጩ «ሙሉ ነው እህቴ፣ ምንም አልጎደለም» ቢላችሁም እሺ ብላችሁ፣ በፈገግታ ቁጠሩ። ከወደዳችሁት አሮጌ መጽሐፍ ጀርባ ላይ «ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት» የሚል ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ በደርግ ዘመን የታተመ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ቢሆንም የፊደል ለቀማው ጥንቁቅ ነው። የዚያ ዘመን ኅትመት ሳገኝ እምብዛም አላልፍም።

ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን የአዳዲስ መጻሕፍት ፒዲኤፍ አታውርዱ። በሕይወት ያለ ደራሲ ዕዳ ገብቶ፣ ወረቀት ተወድዶበት ያሳተመውን መጽሐፍ በነፃ መውሰድ ልክ አይደለም። ገንዘብ ካጠረ መዋስ አለ። አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ መግቢያ አይከፈልበትም። ወመዘክርም አለ፤ ለቆየ ጋዜጣና መጽሔት ከእሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ደግሞ እየተዋጣን እንገዛለን። አንድ መጽሐፍ ለአራት ሰው። ስትጨርሱ ስማችሁን የውስጥ ሽፋኑ ላይ ጽፋችሁ ለቀጣዩ ትሰጣላችሁ። ተራ ጠባቂ ሲኖር ሰው ቶሎ ያነባል።

ዘፈን፦ በሥራ ላይ የሚሰማና ቁጭ ተብሎ የሚሰማ

ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ዘፈን አለ። ይህ ቀላሉ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልምከር። ስልካችሁ እያቀላቀለ እንዲያጫውት አትተዉት። አንድ አልበም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወት። በካሴት ጊዜ የአንዱ ገጽ መክፈቻና መዝጊያ ዘፈን በዘፈቀደ አይቀመጥም ነበር። አባቴ ካሴት ሲገለብጥ የነበረችው ጸጥታ ራሷ የአልበሙ ክፍል ነበረች። ያንን ቅደም ተከተል ስታከብሩ ዘፋኙ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ይሰማችኋል። አንድ አልበም ለአንድ ሳምንት ያዙ። በሳምንቱ መጨረሻ ግጥሙን ሳታስቡት ታውቁታላችሁ።

ቁጭ ተብሎ የሚሰማው ግን ሌላ ነው። ለዚህ በሳምንት አንድ ምሽት፣ እኔ ማክሰኞን፣ ለይቻለሁ። ግማሽ ሰዓት፣ ጥሩ ኢርፎን፣ ሌላ ሥራ የለም። እዚህ ላይ ሁሉም ሰው ቢሞክረው የምመኘው ነገር አራቱን ቅኝቶች በጆሮ መለየት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ ነፃ የፒያኖ አፕ ጫኑና እንዲህ አድርጉ።

ከትዝታ ጀምሩ። ጥቋቁሮቹን ቁልፎች እዩ። ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ተጫኑ፤ ሦስቱን በተራ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ጨምሩ። አምስት ድምፅ። ይህ ትዝታ ነው፣ ሜጀር የሚባለው። ነጩን ሳትነኩ ጥቋቁሮቹን ብቻ እንደፈለጋችሁ ብትጫወቱ ከትዝታ አትወጡም። ልጅ ሆኜ ይህን ያሳየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ ነው የምጫወተው።

ባቲ ነጩ ላይ ነው። ዶ ከሁለቱ ጥቋቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ነው፤ ከእሱ ወደ ቀኝ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ይከተላሉ። ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ። ሚና ፋ ጎን ለጎን ስለሆኑ እዚያ ላይ ድምፁ ጠበብ ይላል። አምባሰልም ነጩ ላይ ነው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። ገና ስትጀምሩ ሚ ወደ ፋ በጠባቡ ይሄድና ወዲያው ወደ ላ ይዘላል። አምባሰልን ከትዝታና ከባቲ የምለየው በዚህ መነሻ ነው። ጠባብ እርምጃ፣ ከዚያ ዝላይ። ባቲና አምባሰል ሁለቱም በወሎ ያሉ ቦታዎች ስም ናቸው። አንቺሆዬ ከሁሉም ይከብዳል። ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ከዚያ በሶልና በላ መካከል ያለው ጥቁር ቁልፍ። መጀመሪያ ስትሰሙት የተጣመመ ይመስላል። ደጋግሙት። እየቆየ ከሁሉም የሚጣፍጠው እሱ ነው።

እነዚህን አንድ አንድ ሳምንት ከተጫወታችሁ በኋላ ወደ ዘፈኖቹ ተመለሱ። ትዝታና ባቲ ማይነር የሚባል ሌላ መልክም አላቸው፤ ስለዚህ አንዳንዱ ዘፈን ቢያምታታችሁ አትደንግጡ። ቅኝቱን ለመያዝ የመጀመሪያውን መግቢያ፣ ዘፋኙ ሳይጀምር፣ ሁለቴ ስሙ። ዜማው የሚያርፍበት ድምፅ የትኛው ነው? ያንን በፒያኖው ፈልጉና ከዚያ ተነሥታችሁ ቁጠሩ። ክራርና ማሲንቆ ላይ ከትልቅ ባንድ ይልቅ ቶሎ ይለያል፤ ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ብቻ ነውና የሚደብቀው ነገር የለም።

ሌላው የምወደው መንገድ ዘፋኙን ትቶ ባንዱን መከተል ነው። ሮሃ ባንድ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የብዙ ዘፋኞችን ካሴት አጅቧል። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝና የሰላም ሥዩምን ጊታር ብቻ እየተከተላችሁ ሁለት ሦስት የተለያዩ ዘፋኞችን ስሙ። ዘፋኞቹ ሲለያዩ ባንዱ የሚያደርገው ለውጥ ይገርማችኋል። ከዚያ በፊት ወደነበረው የሸክላ ዘመን ለመግባት ደግሞ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የጀመረውን የአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች ፈልጉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ ስለሰበሰባቸው ብዙዎቹ ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ።

ግጥሙንም አትርሱ። አንድ ዘፈን በሳምንት መርጣችሁ ሁለት ስንኝ በእጃችሁ ጻፉ። ሰምና ወርቅ በጆሮ ብቻ ያመልጣል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ቃሉን ሰበር አድርጋችሁ፣ ጠበቅ ላላ አድርጋችሁ ማንበብ ትችላላችሁ። አዝማሪ ቤት ከሄዳችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። አንድ ሁለት ስንኝ አዘጋጅታችሁ ሂዱና «ተቀበል!» በሉ። አዝማሪው ተቀብሎ፣ አሳምሮ ሲመልስላችሁ የራሳችሁ ግጥም ምን ያህል እንደሚያምር ትሰማላችሁ። በዐቢይ ጾም አዝማሪ ቤትም ጭፈራም ለማይሄድ ሰው በገና አለ። አሥር አውታር ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚያጉረመርም። ዓለሙ አጋን ስሙ፤ መብራት አጥፍታችሁ።

ኳስ፦ ሰዓቱን ከመጀመሪያው አስተካክሉ

ኳስ ወዳድ ሆኖ መርሐ ግብሩን የማያስተካክል ሰው ቅዳሜው ሁሉ ይበላበታል። የእንግሊዝን ፕሪሚየር ሊግ የምትከታተሉ ከሆነ ይህን ጻፉና በር ላይ ለጥፉ። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዛውራሉ። እኛ አናዛውርም። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ የቅዳሜው የመጀመሪያ ጨዋታ 8 ሰዓት ተኩል፣ ዋናዎቹ ጨዋታዎች 11 ሰዓት፣ የማታው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራሉ። በፈረንጆች ጥቅምት የመጨረሻው እሁድ ካለፈ በኋላ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገፋል። 9 ሰዓት ተኩል፣ 12 ሰዓት፣ 2 ሰዓት ተኩል። ይህ እስከ መጋቢት ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ቻምፒዮንስ ሊግም እንደዚያው ነው፤ የማታው ጨዋታ ከምሽቱ 4 ሰዓት የነበረው በክረምታቸው 5 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ሥራ ላለው ሰው 5 ሰዓት ከባድ ነው። እኔ በነዚያ ወራት የመጀመሪያውን አጋማሽ ብቻ አይቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ባቡር ውስጥ የቀረውን ጎል አያለሁ።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ሠርቼ ስወጣ የ8 ሰዓት ተኩሉ ጨዋታ አይደርስልኝም። አልሯሯጥለትም። የ11 ሰዓቱ የኔ ነው። በሳምንት አንድ ጨዋታ፣ ሙሉውን፣ ከሰው ጋር። ሦስት ጨዋታ እየተዘለለ ከማየት አንዱን ከማሟሟቂያው ጀምሮ ማየት ይሻላል።

የት ነው የምታዩት? ቤት ብቻ ማየት ለኔ ኳስ አይሆንም። ዲኤስቲቪ ቤት ግን በጥንቃቄ ምረጡ። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደጋፊ አለው። የአርሰናል የሆነ አለ፣ የማንቼ የሆነ አለ፣ ተቀላቅሎ የሚሟገት አለ። ከጨዋታው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ስክሪኑ ላይ ከመስኮት የሚመጣ ብርሃን እንዳያርፍ እዩ። ድምፅ ማጉያው ሥር አትቀመጡ። ሴት ከሆናችሁ የመጀመሪያው ቀን ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ሂዱ። ባለቤቱን ሰላም በሉ፤ ስማችሁን ይወቅ። እኔ የምሄድበት ቤት ጋሼ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ «ነይ ልጄ፣ ቦታሽ አለ» ይለኛል። ያቺ ወንበር ከግድግዳው በኩል፣ ከመውጫው ቅርብ ናት። እንዲህ ያለ ቤት እስክታገኙ ቀያይሩ። አንዴ ካገኛችሁ ግን አትልቀቁት። ስለ ኳስ የተማርኩት አብዛኛው ነገር እዚያ ከሚቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ አባት ነው። ጎል ሲገባ አይጮሁም፤ «ከየት እንደመጣች አየሽ?» ነው የሚሉት።

ከእሳቸው የወሰድኩትን መንገድ ላስተላልፍ። በእያንዳንዱ ጨዋታ ለአሥር ደቂቃ ኳሷን መከተል ተዉ። አንድ ተጫዋች ምረጡ፤ በተለይ ከተከላካዮች ፊት የሚቆመውን አማካይ። ኳስ ሳይዝ የት ይቆማል? አንገቱን ስንት ጊዜ ያዞራል? ማንን እያየ ነው የሚሸሸው? በቴሌቪዥን ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል አንዳንዴ ይጠፋል። ሲመለስ የት እንደደረሰ እዩ። ጨዋታው በአንድ ጊዜ ይከፈትላችኋል። ሜዳ ገብቶ ማየት የሚበልጠውም ለዚህ ነው፤ ሃያ ሁለቱም በአንድ ዓይን ይታያሉ።

ስለዚህ የኛንም ሊግ አትተዉ። የሴቶቹን ጨዋታ በተለይ እመክራለሁ። አበበ ቢቂላ ስታዲየም ጨዋታ ሲኖር ግቡና ከመስመሩ ቅርብ ተቀመጡ፤ ተጫዋቾቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ሁሉ ይሰማል። የንግድ ባንክ ሴቶች በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ውድድር አሸንፈው ሞሮኮ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ ተጫውተዋል። ሎዛ አበራ እስከ ስዊድንና ማልታ ሄዳ ተጫውታለች። እነዚህን ሴቶች ከፊት ለፊት ማየት እየቻሉ በቴሌቪዥን የሩቁን ብቻ ማየት ያሳዝነኛል።

ከአቋማሪ ትኬት ራቁ። ይህን በጣም አምኜበት ነው የምለው። ትኬት የያዘ ሰው ጨዋታ አያይም፤ ቁጥር ነው የሚያየው። ክለቡ ሲያሸንፍ «ሁለት ጎል ነበር የሚያስፈልገኝ» ብሎ ያዝናል። አብረውኝ ሲያዩ የነበሩ ጎበዝ ተመልካቾች በዚህ መንገድ የኳስ ፍቅራቸውም፣ ደመወዛቸውም ሲያልቅ አይቻለሁ። ጓደኛችሁ ትኬት ሊቆርጥ ሲሄድ ያንን ገንዘብ ለሻይና ለአምባሻ አድርጉት በሉት።

አንድ የቤት ሥራ ደግሞ አለ። በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ አረጋዊ ካሉ ስለ 1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ጠይቋቸው። አዲስ አበባ ላይ፣ ጥር ወር፣ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለቱንም አቻ አድርገናል። ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አስቆጠሩ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዝዳንት ሆነዋል። በልጅነታቸው በሬዲዮ የሰሙ ወይም ስታዲየም የነበሩ ሰዎች አሁንም በመካከላችን አሉ። ከሳቸው አፍ ስትሰሙት የትኛውም ቪዲዮ አይተካውም። ስልካችሁን አውጥታችሁ፣ አስፈቅዳችሁ ቅረጹት።

ፊልም፦ እሁድ፣ በር ተዘግቶ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ ደንቡ ጥቂት ነው። ፊልም በአንድ ቁጭታ ይታያል። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። መጋረጃ ይዘጋል። ቡና ቀደም ብሎ ይጠጣል፤ ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ፊልም አይጀመርም። ቤተሰብ አብሮ ካየ በመሃል «ይሄ ማነው?» የሚል ጥያቄ ይያዝና መጨረሻ ላይ ይመለሳል። ወንድሜ ይህን ለመልመድ ጊዜ ወስዶበታል፤ አሁን ግን ከኔ የባሰ ዝምታ አስከባሪ ሆኗል።

ምን እንደምታዩ እሁድ ዕለት አትምረጡ። ግማሹ ከሰዓት በመምረጥ ያልቃል። ዓርብ ማታ ወስኑ፤ መውረድ ያለበትን አውርዱ። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ ሙሉ ቻርጅ ይኑረው።

አንድ ዳይሬክተር ይዞ በዓመተ ምሕረቱ ቅደም ተከተል መሄድ ከሁሉም የበለጠ ያስተምራል። የኛው ኃይሌ ገሪማ ለዚህ የተመቸ ነው። በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። ጤዛ የተባለው ፊልሙ እ.ኤ.አ. 2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አግኝቷል። ከቀደሙት ፊልሞቹ ጀምራችሁ ወደዚህ ስትደርሱ ገጠሩን፣ እናትን፣ ስደትን እንዴት ደጋግሞ እያሰበ እንደመጣ ይታያችኋል። በአንድ ወር አራት እሁድ አለ፤ ለአንድ ዳይሬክተር ይበቃል።

የአማርኛ ፊልም ሲወጣ ሲኒማ ገብታችሁ እዩ። ዩቲዩብ ላይ እስኪለቀቅ አትጠብቁ። ሰው ተሰብስቦ አብሮ ሲስቅና ሲያለቅስ ፊልሙ ሌላ ይሆናል፤ ለሠሪዎቹም ገንዘቡ የሚገባው በዚያ ነው። ከሲኒማ በተጨማሪ አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝና ጎተ ኢንስቲትዩት የሚያሳዩዋቸው የውጭ ፊልሞች አሉ። ፕሮግራማቸውን ተከታተሉ። ሆሊውድ ብቻ የለመደ ዓይን የፈረንሳይን ወይም የጀርመንን ፊልም ሲያይ መጀመሪያ ይዘገይበታል። ሃያ ደቂቃ ስጡት።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሦስት ነገር ማስታወሻ ላይ ጻፉ። የማልረሳው አንድ ትዕይንት፣ ያልገባኝ አንድ ነገር፣ ደግሜ የምሰማው አንድ ሙዚቃ። ሦስተኛው ወደ ማክሰኞዬ ይሻገራል። አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. 2005 ባወጣው ፊልም ውስጥ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ስለተጠቀመ በዓለም ዙሪያ ስንት ሰው ወደ ኢትዮ ጃዝ መጣ። እኛ ከፊልሙ ወደ ዘፈኑ ሳይሆን ከዘፈኑ ወደ ፊልሙ ነው የምንሄደው፤ መንገዱ ለኛ የተለየ ነው።

ዓመቱን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ

ሁሉም ወር እኩል አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ወፍራሙን መጽሐፍ ያኔ ጀምሩ። ጥቅምትና ኅዳር ኳሱ የሞቀበት ነው። በዐቢይ ጾም በገና። ፋሲካና ገና ቤተሰብ የሚሰበሰብበት ስለሆነ ሁሉም የሚስማማበት ፊልም ቀድማችሁ ፈልጉ። እናትም ልጅም አብረው የሚያዩት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስቡበት።

ሰኔ የኔ ክፉ ወር ነው። ባንክ ለሚሠራ ሰው ሰኔ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ከመሃሉ ጀምሮ ቤት የምገባው መሽቶ ነው። ያኔ አራቱንም አልሸከምም። ፊልሙ ይቆያል። ወፍራሙ መጽሐፍ ይቆያል። ኳሱም ደግነቱ ሊጎቹ የተዘጉበት ጊዜ ነው። የሚቀረው የቦርሳዋ ቀጭን መጽሐፍና አንድ አልበም ብቻ ነው። ሥራችሁ ምንም ይሁን፣ እንዲህ ያለ ወር ይኖራችኋል፤ የትኛውን እንደምታቆዩና የትኛውን እንደማትለቁ ከወዲሁ ወስኑ። በዚያው በሰኔ የቀጣዩ ዓመት የፕሪሚየር ሊግ ፕሮግራም ይወጣል። እኔ ሐምሌ እንደገባ እሱን አትማለሁ፤ እያንዳንዱን ቅዳሜ ወደ እኛ ሰዓት ቀይሬ፣ ሰዓት የሚዛወርባቸውን ሁለቱን እሁዶች በቀይ አስምሬ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ።